ጥርሱ ያልረገፈ ሽማግሌ

ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ይረግፋል። ጎማ ግን ጥርሱን እንደያዘ ያረጃል፤ ጣጣው የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ጎማ ሊገዛ ጎሚስታ ቤት ወይም ሳልባጅ ሻጭ ዘንድ ጎራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነው። ጣቱን ከተት ያደርግና «ገና ነው፣ ብዙ ይሄዳል» ይላል። ሻጩም «አዲስ በለው!» ይለዋል። ስንት ዓመቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እስቲ ዛሬ ይህን የማይጠየቅ ዕድሜ ከሥሩ ጀምረን እናውጋ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን የምንለው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።)

ነገሩ የሚጀምረው ከዛፍ ነው። በ1830ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከዛፍ የሚንጠባጠበው ወተት መሳይ ፈሳሽ እንደ ጉድ ተፈልጎ ነበር። ጫማው፣ ካፖርቱ፣ ከረጢቱ ሁሉ ከጎማ ይሠራ ተባለ፤ ባለ ገንዘቦችም ገንዘባቸውን አፈሰሱ። ፀሐይ ሲበረታ ግን ጫማው ቀለጠ፣ ተጣበቀ፣ ሸተተ። ብርድ ሲመጣ ደግሞ እንደ እንጨት ደረቀ። ገዢው ዕቃውን እየመለሰ፣ ኩባንያዎቹም እየከሰሩ ወረቱ አለፈ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጎማን የሙጥኝ ያለው ቻርልስ ጉድይር ነበር። ሰውዬው በዕዳ እየታሰረ፣ ቤተሰቡም እየተራበ፣ ያልቀላቀለው ነገር አልነበረም። በ1839 ማሳቹሴትስ ውስጥ ድኝ የተቀላቀለበት ጎማ ትኩስ ምድጃ ሲነካው ይቀልጣል ሲባል እንደ ቆዳ ጠነከረ። በ1844 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1860 ሲሞት የተረፈው 200 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ነበር። ስሙን የተሸከመው ትልቁ የጎማ ኩባንያ የተቋቋመው እሱ ከሞተ ከ38 ዓመታት በኋላ ነው፤ ከኩባንያው እሱም ሆነ ቤተሰቡ አምስት ሳንቲም አላገኙም። ይህ እንግዲህ የፈጣሪዎች ዕጣ ነው ብለን እንለፈው።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ድኙ የሠራው ሥራ ነው። ጎማ ማለት እንደተፈተለ ክር እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነገር ነው። ሙቀት ሲያገኘው ክሮቹ ይንሸራተታሉ፣ ጎማውም ይቀልጣል። ድኝ በክሮቹ መካከል ድልድይ እየሠራ ያያይዛቸዋል፤ ጎማው ይለጠጣል፣ መልሶም ይሰበሰባል። ግን ነገሩ በዚያ አያበቃም። ጎማው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ክሮቹን መንካቱን አይተውም። አንዱን ይበጥሳል፣ ሌላውን ያለ ልክ ያስራል። ሙቀት ሲታከልበት ይፈጥናል። እየዋለ እያደረ መለጠጥ የነበረበት ነገር እየደረቀ፣ እየተሰባበረ ይሄዳል። ወጥ ከበሰለ በኋላ እሳቱን ሳያጠፉ እንደመተው ያለ ነገር ነው።

በጎማ ውስጥ አየር የመንፋቱ ሐሳብ የስኮትላንዳዊው የሮበርት ቶምሰን ነበር፤ በ1845 አስመዘገበው፣ ተረሳ። በ1888 የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ዳንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ እንደገና ፈጠረው። በ1895 ሚሽሊን ወንድማማቾች በአየር ጎማ የሚሄድ መኪና ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ ውድድር ውስጥ አስገቡ። ምቾቱ ምቾት ነው። ነገር ግን የምንነፋው አየር አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ነው፤ ያውም ታምቆ። ስለዚህ ጎማ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ያረጃል፣ የሚያስረጀውም የሚያቆመው አየር ራሱ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ስንጥቅ ዓይን ያየዋል። ከውስጥ፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ግን ጎሚስታውም አያየውም።

ታዲያ ይህ ነገር ለምን ቀደም ብሎ አልታወቀም? መልሱ ቀላል ይመስለናል፦ የድሮ ጎማ ለማርጀት ዕድሜ አልነበረውም። ጥርሱ ቶሎ ያልቅና ይጣላል። በ1946 ሚሽሊን ራዲያል የተባለውን ጎማ አስመዘገበ። ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ቀበቶ የታጠቀ፣ ከቀድሞው እጅግ የሚበልጥ መንገድ የሚሄድ ጎማ ነው። ጥርሱ ዓመታትን መሻገር ሲጀምር የተደበቀው እርጅና ጊዜ አገኘ። ብረትና ጎማ ደግሞ በባሕርይ የማይዋደዱ ናቸው፤ አብረው የሚኖሩት በመሃላቸው ያለው ጎማ እስካልደረቀ ድረስ ነው። ሲደርቅ ከቀበቶው ጠርዝ ትንሽ ስንጥቅ ይነሳል፣ ዙሪያውን ይሄዳል፣ አንድ ቀን መኪናው በፍጥነት ሲበር ጥርሱ ከነቆዳው ተገሽልጦ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ትልቅ ማስጠንቀቂያ በ1978 መጣ። ፋየርስቶን «500» የተባለውን ጎማውን፣ 14.5 ሚሊዮን ገደማ፣ ከገበያ እንዲሰበስብ ተገደደ። ችግሩ ያው የጥርስ መገሽለጥ ነበር። ኩባንያው ከዚያ ወዲያ አልቀና አለው፤ በ1988 የጃፓኑ ብሪጅስቶን በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ሁለተኛው ግን የባሰ ነበር። ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ደግሞ የሚያስቀና ታሪክ አለበት። በ1998 አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ባለሙያ ፋየርስቶን ጎማ የተገሸለጠባቸውን 21 አደጋዎች ቆጥሮ ለአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጻፈ። የሰማው የለም። በ1999 ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያና በአካባቢው አገሮች የኤክስፕሎረር መኪናዎችን ጎማ በነፃ ቀየረ፤ ለአሜሪካው መሥሪያ ቤት ግን ትንፍሽ አላለም። በየካቲት 2000 የሂውስተን ከተማ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኬ.ኤች.ኦ.ዩ ጉዳዩን አየር ላይ አዋለው። የተጎጂ ቤተሰቦች መደወል ጀመሩ፤ በግንቦት ምርመራ ተከፈተ፤ በነሐሴ 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። በመጨረሻ ከነዚህ ጎማዎች ጋር የተያያዘው የሟች ቁጥር በአሜሪካ ብቻ 271 ደረሰ።

በእርግጥ የነዚያ ጎማዎች ዋና ጥፋት የአሠራር ነበር። ግን ልብ በሉ፦ ጎማዎቹ የከዱት እንደተገዙ ሳይሆን ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ፣ በተለይም እንደ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነው። ፎርድ «ጎማው ነው» አለ፣ ፋየርስቶን «መኪናው ነው» አለ። ሄንሪ ፎርድና ሃርቪ ፋየርስቶን ከ1906 ጀምሮ የነገዱ ወዳጆች፣ የልጅ ልጆቻቸውም የተጋቡ ነበሩ። በ2001 ፍቺ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከአንድ ኩባንያ አልፎ ወደ ዕድሜ ዞረ። መሥሪያ ቤቱ በ2007 ለኮንግረስ ያቀረበው ዘገባ የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያን መዝገብ ይጠቅሳል። ከደንበኞቹ 27 በመቶው በአምስት ሞቃት ግዛቶች ይኖራሉ፤ ከጎማ ጋር ከተያያዙት የካሳ ጥያቄዎች ግን 77 በመቶው የመጡት ከነዚሁ ነው። ከእነዚህም 84 በመቶው ከስድስት ዓመት በላይ የሆናቸው ጎማዎች ነበሩ። ፎርድ ከ2005 ጀምሮ ጥርሱ ምንም ይሁን ምን በስድስት ዓመት ቀይሩ ይላል፤ ሚሽሊን ቢበዛ አሥር ዓመት ይላል። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ በ2014 የዕድሜ ደንብ አያስፈልግም፣ አዳዲሶቹ ጎማዎች ጠንክረዋል ብሎ ዘጋው። መጠንከራቸው እውነት ይሆናል፤ ግን ያረጀውን ጎማ ከመኪናው ማን ያወልቀዋል?

መስከረም 10 ቀን 2012 ከእንግሊዟ ዋይት ደሴት የሙዚቃ ፌስቲቫል ወጣቶችን ጭኖ ወደ ሊቨርፑል አካባቢ የሚመለስ አውቶቡስ ሰሪ በተባለው አውራጃ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከዛፍ ጋር ተላተመ። ሾፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ሞተ። ጎማው ሲመረመር 19 ዓመቱ ነበር። ከሟቾቹ አንዱ ዕድሜው 18 ነው። ልጁ ከመወለዱ በፊት የተሠራ ጎማ ማለት ነው። ጥርሱ ግን ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟላ ስለነበር ያንን ጎማ የሚከለክል አንዳች ደንብ አልነበረም።

የልጁ እናት ዓመታት ሙሉ ደጅ ጠኑ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ አውቶቡስ ላይ አይታሰር። መንግሥት ጥናት ይደረግ አለ፣ ማስረጃ ይጣራ አለ። የካቲት 1 ቀን 2021 በከባድ መኪናና በአውቶቡስ የፊት ጎማዎች ላይ ክልከላው ጸና። ከአደጋው ስምንት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ መሆኑ ነው። የቤት መኪና በክልከላው ውስጥ የለችም።

ወደ እኛ ስንመጣ ጎማ የሚጣል ዕቃ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መኪና ላይ ሲያልቅ በረባሶ ይሆናል፣ ካላማዳሪው ገመድ ይሆናል፤ ይህ የሚያኮራ ቁጠባ ነው። ችግሩ በረባሶ መሆን የነበረበት ጎማ በጥቁር ቅባት ተወልውሎ የሕዝብ ማመላለሻ ላይ ሲታሰር ነው። ስኮርታውም ያው ነው። «አንድ ቀን መሬት አልነካም» ተብሎ የሚወደሰው ስኮርታ ሻንጣ ቤት ውስጥ ተኝቶ ከመኪናው ጋር እኩል አርጅቷል።

ዕድሜውን ማወቅ ግን አስቸጋሪ አይደለም። በጎማው ጎን ዲ.ኦ.ቲ የሚል ጽሑፍ ተከትሎ ከሚመጣው ረጅም ምልክት መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። 2317 ቢል በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ዝርዝሩ አያስፈልግም፣ ይውረድ። ቁጥሩ ከአንዱ ጎን ካልተገኘ በሌላኛው፣ ወደ መኪናው ሆድ በዞረው በኩል ይገኛል፤ ተንበርክኮ ማየት ነው።

መጀመሪያ እንመለስበታለን ያልነው የአቆጣጠር ነገር ይኸውና። ያ 17 የፈረንጆች ነው። በእኛ አቆጣጠር የለመደ ዓይን 2017 ዓ.ም. ብሎ ካነበበው ሰባት ስምንት ዓመት ይሸልመዋል። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከፋብሪካ የወጣ ጎማ ትናንት እንደተሠራ ሆኖ «አዲስ በለው» ይባልለታል፤ ጥርሱም ሙሉ ነው።