የሁለት ጄኔራሎች ወዳጅነትና ደብዳቤዎቻቸው



ሹመት ወዳጅን ይለያል ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ባንድ ቀን ባንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠሩ ሁለት ወዳጆች አንዱ ዲሬክተር ሲሆን ሌላው ጸሐፊ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ፥ ሰላምታቸው እንኳ መልኩን እንደሚለውጥ ከናንተ መካከል ያላየ አይገኝም። ዛሬ የምናወሳው ይህንኑ ፈተና ብዙ ጊዜ ያለፈውን፥ አንድ ጊዜ ግን የተሰናከለበትን የሁለት ወታደሮች ወዳጅነት ነው። እነርሱም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑን ጦር የመሩት ኡሊሲዝ ግራንትና ዊልያም ሸርማን ናቸው። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱም በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተምረው፥ ሸርማን በ1840 ግራንት በ1843 ተመረቁ። በኋላም ሠራዊቱን ትተው በሲቪል ኑሮ ቢሞክሩት አልሰመረላቸውም። ጦርነቱ በ1861 ሲነሣ ተመልሰው ገቡ፤ ወዲያውም ለሁለቱም ክፉ ስም ወጣላቸው። ግራንትን ሰካራም ነው ብለው አሙት፤ ሸርማንን ጋዜጦች አብዷል ብለው ጻፉበት።

በፌብሩዋሪ 1862 ግራንት ዶኔልሰን የተባለውን ምሽግ ከቦ ሳለ ሸርማን በስተኋላ በፓዱካ ከተማ ሆኖ ስንቅና ወታደር ይልክለት ነበር። በዚያን ጊዜ በማዕረግ ቀዳሚነት የሚበልጠው ሸርማን ነበረ። ዳሩ ግን ወደ ግንባሩ በሚሄደው መርከብ ሁሉ አጭር ወረቀት እየላከ፥ የሚያስፈልግህን ጠይቀኝ፤ በግንባሩም የምጠቅም ከሆነ ቀዳሚነቴን ትቼ እመጣለሁ ይለው ነበር። ግራንት ይህን ውለታ ከሃያ ዓመት በኋላ የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍም አልዘነጋውም። በመዝገብ ከበታቹ ለሚገኝ ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የመሥሪያ ቤት ሰው ያውቀዋል።

በአፕሪል 1862 ሁለቱ በሺሎ አብረው ተዋጉ። በሁለት ቀን ውስጥ ከሁለቱም ወገን ከ23,000 የሚበልጥ ሰው ሞተ፥ ቈሰለ ወይም ጠፋ። ድሉ የሰሜኑ ቢሆንም ወቀሳው በግራንት ላይ ወደቀ። የበላዩ ጄኔራል ሃሌክ መጥቶ ጦሩን ራሱ ያዘና ግራንትን ሥራ የሌለው ምክትል አደረገው። ሸርማን ወዳጁ ሊሄድ መሆኑን ሰምቶ ወደ ሰፈሩ ቢሄድ፥ ደብዳቤዎቹን እየለየ በቀይ ጥብጣብ ሲያስር አገኘው። ወዴት ነው ቢለው ወደ ሴንት ሉዊስ አለው፤ በዚያ ጉዳይ አለህን ቢለው ምንም የለኝም ሲል መለሰ። ሸርማንም የራሱን ነገር አነሣለት፤ እኔን እብድ ብለውኝ ነበር፥ ይህ አንድ ውጊያ ግን ስሜን መለሰልኝ፤ አንተ ብትሄድ ሥራው ያላንተ ይቀጥላል፥ ብትቆይ ግን ቀን ይወጣልህ ይሆናል አለው። ግራንት ቆየ፤ መቆየቱንም በደብዳቤ አስታወቀው። በዓመቱ ጁላይ 4 ቀን 1863 ቪክስበርግን የያዘው ይኸው ጥብጣብ ሲያስር የተገኘው ሰው ነው።

በማርች 1864 ግራንት የሌተና ጄኔራልነት ማዕረግ ሊቀበል ወደ ዋሽንግተን ተጠራ። ሹመት ባገኘ ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ ወደ ላይ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ግራንት ግን ማርች 4 ቀን ወደ ታች ጻፈ። ለዚህ ከደረስሁ ከሁሉ አስቀድሞ ዕዳው ላንተና ለማክፈርሰን ነው፤ የተሰጣችሁን ሥራ መፈጸማችሁ የዚህ ሽልማት ተካፋዮች እንደሚያደርጋችሁ ከናንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ አለ። ሸርማን ማርች 10 ቀን ሲመልስ፥ ራስህን አሳንሰህ እኛን አብዝተህ አከበርኸን አለው። ከዚያም ለአለቃ የማይጻፍ ነገር ጨመረበት። ስለ ታላቁ የጦር ስልትና ስለ መጻሕፍት ዕውቀትህ ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ነገር ግን አስተዋይነትህ ጉድለቱን ሞላው፤ አሁንም በዋሽንግተን አትቀመጥ ብሎ መከረው። በጭንቅ ላይ ብወድቅ፥ በሕይወት ካለህ እንደምትደርስልኝ አውቅ ነበር ያለውም በዚሁ ደብዳቤ ነው። ምስጋናውን አብሮ የተቀበለው ማክፈርሰን በዚያው ዓመት ጁላይ 22 ቀን በአትላንታ አጠገብ ተገደለ፤ ዕድሜው 35 ነበረ።

ሸርማን አትላንታንና ሳቫናን ከያዘ በኋላ ስሙ ከግራንት ስም ጋር ይወዳደር ጀመር። ማዕረጉ ከግራንት ጋር እንዲስተካከል በኮንግሬስ ሐሳብ ቢነሣ፥ ሸርማን ለሴናተሩ ወንድሙም ለግራንትም ጽፎ እንደማይፈልገው ገለጠ። ግራንት ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1865 በሰጠው መልስ፥ ባንተ ከፍ ማለት ከእኔ ይበልጥ የሚደሰት የለም፤ አንተ በእኔ ስፍራ ብትቀመጥና እኔ ከበታችህ ብሆን እንኳ በመካከላችን የሚለወጥ ነገር የለም አለው።

የተለወጠው ግን በኋላ፥ በሰላሙ ዘመን ነው። በ1869 ግራንት ፕሬዚዳንት፥ ሸርማን የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ። በመጀመሪያ የጦር ሚኒስቴር መምሪያዎች ሁሉ በሸርማን በኩል እንዲያልፉ ታዘዘ፤ ሳምንታት ሳይቆዩ ግን ግራንት ትእዛዙን ሻረው። ቀጥሎም የጦር ሚኒስትሩ ቤልናፕ አዛዡን እየዘለለ ይሠራ ጀመር። ሸርማን አዘነ፤ በ1874 ጽሕፈት ቤቱን ከዋሽንግተን ነቅሎ ወደ ሴንት ሉዊስ ወሰደው። እኔን የሚያስገርመኝ፥ ወዳጅነቱ በብዙ መቶ ማይል ተራርቀው ሳሉ ጠንክሮ፥ ባንድ ከተማ ሲቀመጡ መቀዝቀዙ ነው። ሲራራቁ ያሰቡትን ሁሉ ራሳቸው ይጽፉ ነበር፤ ሲቀራረቡ ግን በመካከላቸው ሚኒስትርና መዝገብ ቤት ገባ።

ቢሆንም ነገሩ በዚያ አልቀረም። በ1884 ግራንት ገንዘቡን ያስቀመጠበት የንግድ ቤት ከስሮ ባዶ እጁን ቀረ፤ የጕሮሮ ነቀርሳም ያዘው። በሕመም ላይ ሆኖ የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ ሸርማን ሊጠይቀው ይመጣ ነበር። ግራንት መጽሐፉን ጨርሶ ጁላይ 23 ቀን 1885 ሞተ። ኦገስት 8 ቀን በኒው ዮርክ በተደረገው ቀብር አስከሬኑን በክብር ካጀቡት መካከል አንዱ ሸርማን ነበረ። ሌላው ደግሞ በ1865 በሰሜን ካሮላይና ጦሩን ለሸርማን ያስረከበው የደቡቡ ጄኔራል ጆሴፍ ጆንስተን ነበረ።