ስለ ካራ ባለቤትና ስለ ካራ ሠሪ፤ የኩየራ አካባቢና የስካንዲናቪያ ልማድ ሲነጻጸር

አንድ ሕዝብ ካራን እንዴት እንደሚይዝ፣ ከማን እንደሚገዛና ሠሪውንም በምን ስም እንደሚጠራ መመርመር ስለ ብረት ሥራ ብቻ ሳይሆን ስለ ማኅበራዊ ኑሮም ብዙ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ከሻሸመኔ በስተሰሜን በምትገኘው በኩየራና በዙሪያዋ ባለው የስምጥ ሸለቆ አገር የሚታየው ልማድ ስካንዲናቪያ ከሚባሉት የሰሜን አውሮፓ አገሮች ልማድ ጋር እየተነጻጸረ ነው። ለንጽጽሩ ምክንያት የሆነኝ በስዊድን አገር የተሠራ አንድ የሞራ ካራ ለብዙ ዓመታት በእጄ መኖሩ ነው። ፊንላንድ በጥብቅ አነጋገር ከስካንዲናቪያ ባትቈጠርም በካራ ነገር ከጎረቤቶቿ ስለማትለይ አብራ ትነሣለች። «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞራ ካራ ለዐይን የሚደነቅ ነገር የለውም። የስለቱ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ግማሽ ስንዝር የማይሞላ፣ ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እጀታው በርች ከሚባለው የሰሜን አገር ዛፍ ተጠርቦ ቀይ ቀለም የተቀባ ሲሆን የብረቱ ጭራ በእንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እንደ ሰንጢ አይታጠፍም፤ እንደ ጩቤም ሁለት አፍ የለውም። ዋና ጠባዩ ያለው በስለቱ አወጣጥ ላይ ነው። የብረቱ ሁለት ጎን ከወገቡ ጀምሮ በአንድ ቀጥተኛ ዝንባሌ እየሳሳ እስከ ጫፉ ይወርዳል፤ ከጫፉ አጠገብም ሌላ ሁለተኛ ዝንባሌ አይጨመርበትም። ስለዚህ ሲደንዝ ያንኑ ሰፊ ጎን በድንጋይ ላይ አስተኝቶ መሳል ይበቃል፤ እጅ ማዕዘኑን መገመት ሳያስፈልገው ድንጋዩ ራሱ ይመራዋል። ብረቱ ከመቶ 1 እጅ ያህል ካርቦን ስላለው ስለቱ ሳይመለስ ይቈያል፤ ነገር ግን በክረምት ሳይደርቅ ወደ ሰገባው ከተመለሰ በማግስቱ ይዝጋል። እንጨት ለመቅረጽ የሚወዳደረው አላገኘሁም። ለቍርጥም ደኅና ነው። ለዕርድ ግን አጭር ስለሆነ ምንም አይረባም፤ ይህ ጉድለት ካራው ለምን ኑሮ እንደ ተበጀ ይናገራል። የተበጀው ለእንጨት ቆራጭና በጫካ ለሚኖር ገበሬ እንጂ ከብት አርዶ ለሚያበላ ባላገር አይደለም።

በኩየራ አካባቢ ካራ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ዕርድ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ እየተገበያዩ፣ በሐዘንና በደስታም እየተጠራሩ፣ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ካራው ከአንድ ቀጥቃጭ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋውን የሚለየው የያዘው እጅና በዕርድ ጊዜ የተጠራው ስም ነው። ስለዚህ የካራ ባለቤት መሆን ማለት አንገት ለመቍረጥ የሚገባውን ሰው በቤት ማግኘት ማለት ነው።

ሠሪው በኦሮምኛ ቱምቱ ይባላል። ስሙ የወጣው «ቀጠቀጠ» ከሚለው ግስ ነው፤ የአማርኛው «ቀጥቃጭ»ም እንዲሁ ከዚያው ሐሳብ የመጣ ነው። መሣሪያው ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻና ጉጠት ነው፤ ከሰሉም በአብዛኛው የሸለቆው ግራር ነው። ጥንት ብረቱ ከማዕድን እየቀለጠ ይገኝ ነበር፤ መኪና ከገባ ወዲህ ግን የካራ ሁሉ እናት ባሌስትራ ሆነች። የጭነት መኪና ባሌስትራ ከመቶ ግማሽ እጅ የሚበልጥ ካርቦን ስላለበት፣ ግሎ በውኃ ወይም በዘይት ሲጠልቅ በእርግጥ ይጠነክራል። ከቤት መሥሪያ ፌሮ የተቀጠቀጠው ግን ለስላሳ ነውና ሦስት ቀን ሳይሞላው ይደነዝዛል። ገዢው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በገበያ የሚጠይቀውም «የባሌስትራ ነው ወይስ የፌሮ?» ብሎ ነው። «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን አልሰማሁም።

በዚህ ሸለቆ ስለት ከብረት እጅግ የቀደመ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ በጋደሞታ ከባልጩት የተሠሩ ሹል መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ270,000 ዓመት በላይ መሆኑ ተረጋግጧል። በደቡብ ኢትዮጵያ አንዳንድ የቆዳ ፋቂዎች ባልጩትን በእንጨት እጀታ እየሰኩ ቆዳ መፋቅን እስከ ዘመናችን አድርሰውታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ድንጋዩን የሚያሾለው ፋቂና ብረቱን የሚያሾለው ቀጥቃጭ ሁለቱም ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው የሚታዩ፣ በመካከላቸው ብቻ የሚጋቡ ወገኖች ሆነው መኖራቸው ነው። ባላገሩ በወገቡ የሚታጠቀው ካራ የቀጥቃጭ ሥራ፣ ሰገባውም የፋቂ ሥራ ነበር። ካራው ወደ ገበታ ሲቀርብ ግን ከሠሪዎቹ አንዱም በብዙ ቦታ ወደዚያ ገበታ አይጠራም ነበር።

ነገሩ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል ርስት ከመያዝ ተከልክለው በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ሲኖሩ፣ ማጭዱንና ማረሻውን የሚገዛቸው ጎረቤት በሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎ ይፈራቸው ነበር። «ጠይብ» የሚለው ቃል ባለ ሙያን የሚያመለክት ሲሆን በሕዝብ አፍ ከ«ቡዳ» ጋር ተጣብቆ ቀረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ የንጉሡን አርቆ አሳቢነት ያሳያል፤ ነገር ግን ስድብን እንጂ የጋብቻንና የገበታን ልማድ የሚለውጥ አልነበረም።

አሁን ወደ ሰሜን አገር እንመለስ። በፊንላንድ ካራው ፑኮ፣ ቀጥቃጩም ሴፓ ይባላል። «ሴፓ» በባሕላቸው የክብር ቃል ስለሆነ ግጥም የሚገጥመውን ሰው እንኳ «የግጥም ቀጥቃጭ» ይሉታል። በ1835 ታትሞ በ1849 በተስፋፋው «ካሌቫላ» በተባለው የትውፊት መጽሐፋቸው የሰማይን ጠፈር የቀጠቀጠው ኢልማሪነን የሚባል ብረት ሠሪ ነው። በዚያው መጽሐፍ ኩለርቮ የተባለ አሽከር ይገኛል። እመቤቱ የዚሁ የኢልማሪነን ሚስት ናት፤ ለስንቁ በሰጠችው እንጀራ ውስጥ ድንጋይ ትጋግርበታለች፤ ሊቈርሰው ሲል ካራው ይሰበራል። ካራው ከአባቱ የቀረለት ብቸኛ ቅርስ ነበርና ኩለርቮ አልቅሶ ይበቀላታል፤ በከብቶቿ ፈንታ ተኩላና ድብ ወደ ቤት ነድቶ ያስፈጃታል። ዘመድና ርስት ለሌለው ሰው ካራ የትውልዱ ምስክር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ሠሪውም ስሙን አይሰውርም። ኢሳኪ ያርቬንፓ በ1879 በካውሃቫ ባቋቋመው ሥራ ቤት የሚወጣው ፑኮ ስሙ በብረቱ ላይ ታትሞ ይሸጥ ነበር። በስዊድን በሞራ አጠገብ ባለችው በኦስትኖር መንደር ፍሮስት ኤሪክ ኤርሶን የተባለ ሰው በ1891 ከአሜሪካ ተመልሶ የግንድ መጎተቻ ሸርተቴ መሥራት ጀመረ፤ ለሠራተኞቹ የሚያስፈልገውንም ካራ ያንጊዜ መሥራት ያዘ። በስሙ የተጠራው ፋብሪካ በ2005 ከጎረቤት ተወዳዳሪው ጋር ተዋህዶ እስከ ዛሬ ይሠራል። የእኔም ካራ የዚያ ዘር ነው። ይህን ስናገር የሰሜን ሰዎች ካራ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው በፊንላንድ ኦስትሮቦትኒያ ጎረምሶች በሠርግ ላይ ሳይቀር በፑኮ ሲተራረዱ ነበር፤ ስዊድንም በ1988 በሕዝብ መካከል ያለ በቂ ምክንያት ካራ መያዝን በሕግ ከልክላለች።

በእኔ አስተያየት ሁለቱን ካራዎች የለያቸው የእጅ ጥበብ አይደለም። ባሌስትራ በከሰል እሳት አግሎ፣ የግለቱን ቀለም በዐይኑ ብቻ ለይቶ በልኩ የሚያጠልቅ ቱምቱ ከሞራው ሠራተኛ በዕውቀት አያንስም፤ እንዲያውም መለኪያ የሌለው ነውና ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልዩነቱ ያለው በስም ነው። የኦስትኖር ሠሪ ክፉ ካራ ቢሸጥ ስሙ ይጠፋል፤ ደኅና ካራ ቢሸጥ ደግሞ በስሙ ይፈለጋል። ቱምቱ ግን ባሌስትራን አስመስሎ ፌሮ ቢሸጥ የሚጠፋ ስም የለውም፤ በሌሊት ደክሞ የተዋጣ ካራ ቢያወጣም ምስጋናውን የሚወስደው የመኪናው ብረት ነው።

ስዊድኖች ራሳቸው ወደ አርሲ ሲመጡ ያተኰሩት በእርሻ ላይ ነው። በ1967 በአሰላ የተቋቋመውና ካዱ በሚል አጭር ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማረሻና ሌላ የእርሻ መሣሪያ እያሻሻለ ይሞክር ነበር። የቀጥቃጩን ኑሮ በይበልጥ የነካው ግን የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። ዐዋጁ በገዛ እጁ ለማረስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ መሬት ስለ ፈቀደ፣ ርስት ያልነበራቸው ባለ እጆችም ድርሻ አገኙ። አንዳንዶቹ ወናፉን ጥለው ገበሬ ሆኑ። ያልጣሉት ዛሬም በገበያ ቀን ካራቸውን በጆንያ ላይ ደርድረው ይሸጣሉ፤ ገዢውም ካራውን አንሥቶ በጥፍሩ እየነካ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ ይጠይቃል።