የደጋ አየርና የማሠልጠኛ አውሮፕላን

የማሠልጠኛ አውሮፕላን በአገራችን የሚታወሰው በመውደቁ ነው። በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ «የሐርለሙ ጥቁር ንስር» የተባለው ሁበርት ጁልያን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጨው፤ ከአገር እንዲወጣም ታዘዘ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ደግሞ በጣልያን ወረራ ጊዜ የአየር ኃይላችንን የመራው፣ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ ያስተማረው ጆን ሮቢንሰን፣ ለአሜሪካ ጦር ቅኝትና መልእክት በተሠራ ስቲንሰን ኤል 5 ላይ ሳለ ወደቀ፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም አረፈ። የፊተኛው በጉራ፣ የኋለኛው በዕጣ ፈንታ ይሳበባል። ከፍታው ግን በሁለቱም ትረካ ውስጥ ቦታ አያገኝም። ያለ እርሱ ፍርዱ ጎደሎ ነው እላለሁ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፤ የጎጃም ደጋም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እዚያ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የጂፕሲ ሞዝ ሞተር ጉልበት 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞተር በሳሳ አየር ይደክማል፣ ክንፉም እስኪያነሣ የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ውጤቱን አስቡት፦ በመመሪያው የተጻፈው መንደርደሪያ አልቆ ጎማው ገና ሣሩን ይደበድባል፣ ከፊት ደግሞ ባሕር ዛፍ ቆሟል። በእንግሊዝ ሜዳ ላይ ይቅር የሚባል የጀማሪ ስሕተት እዚህ ሕይወት ያስከፍላል። እርግጥ ጁልያን ማንም ባላዘዘው በረራ አውሮፕላኑን መስበሩን ከፍታው አያስተባብልም። ግን የእርሱን ጉራ ብቻ የሚያይ ሰው፣ ጉራ የሌለበት ተማሪም በዚያው ሜዳ ላይ ተመሳሳይ አደጋ እንደሚጠብቀው ይስታል።

የሰሜኑ ሰው አውሮፕላንን ያወቀው በሌላ መልኩ ነው። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ላይ ወረቀትና ቦምብ ወረደ፤ ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጎጃም አርበኛ የጣልያንን ቦምብ ጣይ ከሥር ሆኖ ተመለከተ። በዚያው በጎጃም፣ በእሳት ሠረገላ ባረገው ነቢይ ስም በምትጠራው በደብረ ኤልያስ አካባቢ ስለ ሰማይ ጉዞ የሚነገረው ብዙ ቢሆንም፣ የተማሪ አብራሪ ጭንቀት ከነገሩ ውስጥ ሊገባ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ የሥልጠናው ትዝታ ሁሉ በመዲናይቱ ዙሪያ ቀረ።

«ስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳብ ሳፊር የተባለውን አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ 6,220 ኪሎ ሜትር ሳያሳርፍ በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አላደረሰምን? ከፍታው ምን አደረገው?» የሚል ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን በጭነቱ ላይ ነው። ሳፊር ነዳጅ ሞልቶ የተነሣው ከዝቅተኛው የስዊድን ሜዳ ነው፤ ደጋው ላይ የደረሰው ነዳጁን ጨርሶ፣ ቀሎ ነው። የበረራ ትምህርት ቤት አውሮፕላን ግን ነዳጁን ሞልቶ፣ አስተማሪና ተማሪ ጭኖ፣ በየቀኑ ከዚያው ከፍታ ይነሣል። የስዊድን አስተማሪዎች የበረራ ሥልጠና ያካሄዱባት ቢሾፍቱ ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከመዲናይቱ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቷ ለደካማ ሞተር ቀላል እፎይታ አልነበረም።