ክትክታ፦ የደረቀ ቅርንጫፍ ከነፍሬው፣ የዶማ እጀታ

ቅጠሉን በጣት አሸት ቢያደርጉት ይጣበቃል። በላዩ የሚያብረቀርቀው ሙጫ መሰል ቅባት ቁጥቋጦው ውሃ በትነት እንዳያባክን ያግዘዋል፤ ምሬቱም ከብቱን ያርቃል። ፍየል እንኳ፣ ያገኘችውን ሁሉ የምትቀነጥበው፣ ሌላ ቅጠል ካለ ክትክታን አትደፍርም። በበጋ ልቅ ግጦሽ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

በትግርኛ ታህሰስ፣ በኦሮምኛ ኢተቻ ይሉታል።

ቀላ ያለውን ፍሬ ልብ ይበሉ፤ እንደ ወረቀት የሳሱ ክንፎች አሉት። ነፋስ ያነሳውና ድንጋያማ፣ አፈሩ የታጠበ ቦታ ላይ ይጥለዋል። ክትክታ እንዲህ ባለ መሬት ቀድመው ከሚበቅሉት አንዱ ነው። ሥሩ አፈር ይይዛል፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ይሸፍናል፤ ጥላው ፀሐይ ለማይችሉ ችግኞች መጠለያ ይሆናል። ከግጦሽ በተከለሉ ተራሮች ላይ ቀድሞ የሚታየው ደን ብዙ ጊዜ ይኸው ቁጥቋጦ ነው፤ ደን ካሉት።

እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ነው። ለዶማና ለመጥረቢያ እጀታ፣ ለጭቃ ቤት ማገር፣ ለአጥር ይውላል፤ ፍሙም ስለሚቆይ ለማገዶ ይፈለጋል። ቅጠሉን ለቁስል የሚጠቀሙበት አካባቢዎችም አሉ። ችግኝ አፍይዎች ደግሞ የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ከመዝራታቸው በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል።

ክትክታ በአውስትራሊያም ይበቅላል። በዚያ የሰፈሩ አውሮፓውያን ፍሬውን በሆፕስ ምትክ ተጠቅመው ቢራ ጠምቀዋል። የኢትዮጵያ ጠማቂ ግን ጌሾ ስላላት አልፈለገችውም።