«ባህላዊ አኒሜሽን» አይባል፤ የእጅ አኒሜሽን ይባል

«ባህላዊ አኒሜሽን» የሚል ሐረግ እየተለመደ መጥቷል። በሥልጠና ማስታወቂያ ላይ ይጻፋል፣ በትርጉም ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፣ ስለ ፊልም በሚወራበት ሁሉ ይሰማል። ሊሉ የፈለጉት ግልጽ ነው፤ ሠዓሊ ወረቀት ላይ በእርሳስ አንድ በአንድ እየሣለ የሚሠራውን፣ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረውን አኒሜሽን ነው። የተባለው ግን ሌላ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሐረግ ሲሰማ የሚጠብቀው ጥበብ ቀሚስ የለበሱ፣ እስክስታ የሚመቱ፣ ቡና የሚያፈሉ ገጸ ባሕርያትን ነው። አይፈረድበትም። ባህላዊ ልብስ፣ ባህላዊ ምግብ፣ ባህላዊ ጭፈራ፣ ባህላዊ መድኃኒት ሲባል እየሰማ ያደገ ጆሮ ነው ያለው።

«ባህል» ሥሩ የግእዝ «ብህለ» ነው፤ «አለ፣ ተናገረ» ማለት። ባህል እንግዲህ በመነሻው አባባል ነው፤ ሲባል ሲባል የኖረ፣ አባት ለልጅ ያወረሰው። ስለዚህ ባህል ባለቤት ይፈልጋል። «የማን ባህል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የዶርዜ፣ የጉራጌ፣ የጎንደር ተብሎ ይመለሳል። ወረቀት ላይ መሣል ግን የአሠራር ዘዴ እንጂ የማንም ባህል አይደለም። በፈረንጆች 1994 የወጣውን «ዘ ላየን ኪንግ» ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ አንበሳውን ሲምባን በእርሳስ የሣሉት የዲዝኒ ሠዓሊዎች ናቸው። ያንን ፊልም «ባህላዊ» ብሎ መጥራት አድማጭን ማሳሳት ነው።

ችግሩ የቃሉ መንሸዋረር ብቻ አይደለም። ሐረጉ የሌላውን ቦታ ይይዛል። «ባህላዊ ሥዕል» ስንል ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለን፤ ዓይነ ትልልቅ ሰዎች፣ ደማቅ ቀለም፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍሎ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚተርክ ሸራ። ለእኔ ያ ሸራ ለፊልም እጅግ የቀረበ ሥራ ነው፤ ዓይን ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ንግሥቲቱም ትሄዳለች። ነገ አንድ ወጣት ያንን አሣሣል ይዞ ኮምፒዩተር ላይ ቢያንቀሳቅሰው «ባህላዊ አኒሜሽን» የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለእሱ ነው። ያን ጊዜ ስሙ ለሌላ ተሰጥቶ ይጠብቀዋል።

ተቀናቃኝ ቃላትም ቀርበዋል። «ትውፊታዊ» ለፈረንጁ ቃል ለ«ትራዲሽናል» በጣም የሚጠጋው ነው፤ የሁለቱም ሥር «ማስረከብ» ነው። ነገር ግን አማርኛ ትውፊትን ለቤተ ክርስቲያንና ለአፈ ታሪክ ሰጥቶታል፤ ከእርሳስና ከወረቀት ጋር አይዋደድም። «ልማዳዊ»ን አልወደውም። «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚለው የመንግሥት ቋንቋ ቃሉን ስላበላሸው ገና ሲጠራ የሚወገዝ ነገር ይመስላል። «ጥንታዊ» አክሱምንና ላሊበላን ያስታውሳል፤ የዛሬ 30 ዓመት ለተሠራ ፊልም ይከብዳል። «መደበኛ» ለጋዜጣና ለሬዲዮ ሠርቷል፤ «መደበኛው ሚዲያ» ስንል ማኅበራዊውን ለይተን ማለታችን እንደሆነ ይገባናል። ለአኒሜሽን ግን ዘግይቷል፤ ዛሬ መደበኛው የኮምፒዩተሩ ሆኗልና። «የድሮ» የሚለው እውነት ቢመስልም ዛሬም በእጅ የሚሥሉትን ሰዎች ከነሕይወታቸው ይቀብራቸዋል።

እኔ የምደግፈውን ቃል የፈጠረው የቋንቋ ምሁር አይደለም። መርካቶ፣ ሸማ ተራ ሲነገር የኖረ ነው። ቀሚስ ልትገዛ የገባች ሴት ጥልፉን ስትጠይቅ ሻጩ የሚመልሰው በአጭሩ ነው፤ «ይሄ የእጅ ነው፣ ያ የኮምፒዩተር ነው።» አዋቂ ከሆነች በቃሉ ብቻ አታምንም፤ ቀሚሱን ገልብጣ የጥልፉን ጀርባ ታያለች። የእጅ ከሆነ ቋጠሮው አለ፣ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የተሻገረው ክር ይታያል፣ እዚህ ጠበቅ እዚያ ላላ ያለ ነው። የኮምፒዩተር ከሆነ ከጀርባው ወረቀት መሰል ስስ ጨርቅ ተደርቦበታል፣ ስፌቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ይለያያል፤ ለእጁ ይጨመራል።

ልብ በሉ፤ ሻጩ የእጁን «ባህላዊ ጥልፍ» ብሎ ከኮምፒዩተሩ አይለየውም። ሊለየውም አይችልም፤ ሁለቱም ያረፉት ባህላዊ ልብስ ላይ ነው። ባህላዊ ቀሚስ የኮምፒዩተር ጥልፍ ሊኖረው ይችላል፤ ሱሪና ሸሚዝም የእጅ ጥልፍ ሊኖራቸው ይችላል። «ባህላዊ» ስለ ልብሱ ይናገራል፤ «የእጅ» ስለ አሠራሩ። ተርጓሚዎቻችን ያደባለቁትን ነገር ነጋዴው ለይቶ ይዞታል።

ይህ ልዩነት በእኛው ፊልሞችም ላይ ይሠራል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅታቸው ቀጭኔዋን ፀሐይን ለኢትዮጵያ ልጆች ሲያቀርቡ በእጅ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችን ተጠቅመዋል። ከእነሱው በኋላ የወጣው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ስሙን ከሸማው ጥበብ ያገኘ፣ ሥዕሉ በኮምፒዩተር የተሠራ ተከታታይ ፊልም ነው። ይህ ፊልም ባህላዊ ነው ወይስ አይደለም? በይዘቱ እንዴታ! በአሠራሩ ግን የኮምፒዩተር ነው። በሌላ በኩል ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ፣ የሚሠራው ኒውዮርክ የሆነው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ አለ። «ሒሳብ» የተባለውን አጭር ፊልሙን የሠራው ሸራ ላይ በቀለም እየሣለ፣ ፎቶ እያነሣ፣ በላዩ ላይ እንደገና እየሣለ ነው። ታሪኩም የከተማችን ጨዋታ ነው፤ አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፍረው አህያዋ ከፍላ ትወርዳለች፣ ውሻው መልስ ሳይሰጠው ይቀራል፣ ፍየሏ ሳትከፍል ታመልጣለች። ስለዚህ ዛሬ መኪና ሲመጣ አህያዋ ንቅንቅ አትልም፣ ውሻው ይከተላል፣ ፍየሏ ትሸሻለች። ይህኛው በይዘቱም ባህላዊ ነው፣ በአሠራሩም የእጅ ነው። ሁለት ቃል ካለን ሁለቱንም እውነት መናገር እንችላለን፤ አንድ ቃል ብቻ ከቀረን አንዱ እውነት ይጠፋል።

ስለ እጅ አኒሜሽን ታሪክ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ፍሬም ይጠይቃል፤ በፈረንጆች 1937 የወጣው «ስኖው ኋይት» ሙሉው በእጅ ተሥሏል። በ1995 «ቶይ ስቶሪ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒዩተር ተሠርቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ገንዘቡም ባለሙያውም ወደዚያው ሄደ። ዲዝኒ በእጅ የተሣለ ሙሉ ፊልም ለመጨረሻ ጊዜ ለሲኒማ ያበቃው በ2011 ነው። የእጁ ሥራ ግን አልሞተም፤ የጃፓኑ ሀያዎ ሚያዛኪ በዋናነት በእጅ ያሠራው «ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን» በ2024 ኦስካር ወስዷል።

«የኮምፒዩተር አኒሜሽን የሚሠራው ሰውስ በእጁ አይደለም ወይ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ልብስ ሰፊም ጨርቁን የሚገፋው በእጁ ነው፤ ሥራው ግን «የመኪና ስፌት» ይባላል። የሚታየው ክሩን ማን እንደዘረጋው ነው፤ እጅ ወይስ መኪና? በአኒሜሽንም እያንዳንዷን መስመር ማን አሠመራት ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ድብልቅም አለ፤ «ዘ ላየን ኪንግ» ሥዕሉ የእጅ ሆኖ ቀለሙ የተቀባው በኮምፒዩተር ነው፣ የዱር እንስሳት መንጋ ሲጋልብ የሚታይበት ክፍልም በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። እንዲህ ሲሆን «ሥዕሉ የእጅ፣ ቀለሙ የኮምፒዩተር» ማለት ነው፤ አማርኛው አያንስም። አሻንጉሊቱን ከሥዕሉ መለየት ሲያስፈልግ ደግሞ «በእጅ የተሣለ አኒሜሽን» ብሎ መዘርዘር ይቻላል።

«አኒሜሽን»ንስ ለምን አንተረጉመውም የሚሉ አሉ። «ተንቀሳቃሽ ሥዕል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ግን «ተንቀሳቃሽ» የሚለውን ቃል ስልኩም፣ ንብረቱም፣ ቪዲዮውም ወስደውታል፤ ከአንድ ግድግዳ ወደ ሌላ የሚዛወር ሥዕል ይመስላል። «ሕያው ሥዕል» ለጆሮ ያምራል፣ የላቲኑም ሥር ነፍስን የሚያመለክት ስለሆነ አልራቀም፤ ግን ለምድራዊ ፊልም ሲሉት ይከብዳል። እኔ አኒሜሽን እንዳለ ይኑር ባይ ነኝ። መርካቶ ራሱ የጣልያን ቃል ነው፤ ገበያው በወረራው ዘመን ከአራዳ ወደ ዛሬው ቦታው ሲዛወር ስሙ መጥቶ ቀረ። እዚያው መርካቶ በርበሬ በረንዳ ሲባል በረንዳው የውጭ ቃል ነው፤ ማንም አይሰማውም። ልጆች «ካርቱን» የሚሉትና የመርካቶ ተሸካሚ በጫንቃው የሚያነሣው «ካርቶን»ም መነሻቸው አንድ ነው፤ ጣልያንኛው «ካርቶኔ» ጠንካራ ወረቀት ማለት ሲሆን ሠዓሊዎች ንድፋቸውን የሚሠሩበት ስለነበር ስሙ ወደ ሥዕሉ ተሻገረ። አማርኛ ቃል በመዋስ አልተጎዳም። የሚጎዳው የራሱን ቃል፣ «ባህላዊ»ን፣ ያልሆነ ቦታ ሲያስገቡበት ነው።

የምትተረጉሙ፣ የምታስተምሩ፣ ማስታወቂያ የምትጽፉ ሁሉ፣ እባካችሁ «የእጅ አኒሜሽን» እና «የኮምፒዩተር አኒሜሽን» በሉ። «ባህላዊ አኒሜሽን»ን የእኛን ታሪክ በእኛው አሣሣል ለሚያንቀሳቅሱ ወጣቶች አቆዩላቸው።