የቤዝ ጊታር አንገት ሲቀየር

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ የሜፕል አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። ስለዚህ አንገቱ የተጣመመ ቤዝ አይጣልም፤ ሳሪስ ያለ ጠንቃቃ አናጺም ሊቀይረው ይችላል።

ዋናው ጣጣ ልኬቱ ነው። ከአናቱ የክር ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት 43.2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከዚያ እስከ ብሪጁም ያንኑ ያህል (ለወፍራሞቹ ክሮች ትንሽ ጨምሮ) መሆን አለበት። ካልሆነ ባዶው ክር የቱንም ያህል ቢቃኝ፣ ፍሬት ሲያዝ ድምፁ ይስታል።

ከመብሳትዎ በፊት አንገቱን በመቆንጠጫ አስይዘው ሁለቱን የዳር ክሮች ላላ አድርገው ይዘርጉ፤ ከአንገቱ ጠርዞች እኩል መራቅ አለባቸው። ሜፕል ጠንካራ ነውና ከብሎኑ በቀጠነ መሰርሰሪያ ሳይበሱ ቢያጠብቁ ይሰነጠቃል። የጥልቀቱንም ልክ መሰርሰሪያው ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ ቀዳዳው በፍሬቶቹ በኩል ከወጣ አዲሱ አንገት ተበላሸ ማለት ነው።