አውሮፕላኑን ከቤቱ እንጂ ቤቱን ከአውሮፕላኑ ያልጠበቀ ከተማ

አንድ ከተማ ምን ያህል አርቆ እንደሚያስብ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ማስተር ፕላኑን ከማገላበጡ በፊት የአውሮፕላን ማረፊያውን ዙሪያ ቢመለከት ብዙ ይማራል። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ረጅም ሕንፃ ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ የሕንፃው ከፍታ በረራን የማያሰጋ ለመሆኑ ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። ተገቢ ሥርዓት ነው፤ የሰው ሕይወት ይጠብቃልና። ነገር ግን በዚያው ሕንፃ መኝታ ቤት ውስጥ ሌሊት ምን ያህል ድምፅ ይገባል ብሎ መጠየቅ በከተማችን ልማድ አልሆነም። በአጭሩ፣ ሥርዓታችን አውሮፕላኑን ከቤቱ ይጠብቃል፤ ቤቱን ከአውሮፕላኑ አይጠብቅም።

ይህ ሚዛን እንዴት እንደ ተዛባ በታሪክ መነጽር መመልከት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ጉዳዩ ያለፈና ያበቃለት አይደለም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ስፍራ ከቦሌ እጅግ የሚሰፋ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመገንባት በጃንዋሪ 2026 የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። የቦሌን ታሪክ ዛሬ ካላነበብነው ነገ እዚያ እንደግመዋለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከልደታ ወደ ቦሌ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ በኤፕሪል 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። በዚያ ዘመን የመዲናይቱ አውሮፕላን ማረፊያ የልደታ ሜዳ ነበር። ባለ ሁለት ፕሮፔለሮቹ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ቀላል በመሆናቸው የልደታ መንደርደሪያ ይበቃቸው ነበር። አየር መንገዱ ወደ ጄት ዘመን ለመሸጋገር ሲወስን ግን ልደታ ጠበበ። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ጄት አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ በዝቅተኛ ስፍራ እንደሚነሣ አውሮፕላን ፈጥኖ ሽቅብ አይወጣም። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ለኋላው ታሪካችን ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከመንደርደሪያው ጫፍ ባሻገር የሚኖረው ሕዝብ ጩኸቱን ከቅርብና ለረጅም ርቀት ይሰማል ማለት ነውና።

ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ በነበረው ገላጣ መሬት ላይ ቦሌ ተሠራ። በዲሴምበር 1962 የቦይንግ 720 ጄቶች ገቡ፤ በማግሥቱ ዓመት በሜይ 1963 የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። በ1961 የከተማው ሕዝብ 443 ሺህ ያህል ነበር። ሜዳው ከከተማ ውጭ ስለነበረ የቦታው ምርጫ የሚነቀፍ አይደለም። ጉድለቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳው ሜዳ ሆኖ እንዲቆይ የመጠበቁ ኃላፊነት በማንም ትከሻ ላይ አልወደቀም።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ሕጋችን በዚያን ጊዜ ጆሮ ነበረው። በ1960 የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 አንድ ባለ ርስት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንቅናቄ በጎረቤቱ ላይ ማድረስ እንደማይገባው ይደነግጋል። ነገር ግን አንቀጹ የታሰበው አንዱ ጎረቤት ሌላውን ለሚያውክበት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ ጎረቤትየው መንግሥት፣ ጩኸቱም የአገር ኩራት ሲሆን ምን ይደረግ የሚለውን ለመመለስ ሌላ ዓይነት ሕግ ያስፈልግ ነበር።

የሰሜን ካሮላይና ዶሮዎች

ይህ ዓይነቱ ሕግ በሌላ አገር እንዴት እንደ ተወለደ ማየት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገበት በዚያው በ1946፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮስቢ የተባለ የሰሜን ካሮላይና ዶሮ አርቢ ያቀረበውን ክስ ወሰነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጦር አውሮፕላኖች በ25 ሜትር ያህል ከፍታ በርስቱ ላይ እያለፉ ሲያርፉ፣ ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ እየተላተሙ ያልቁ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የመሬት ባለቤትነት እስከ ሰማይ ዳርቻ ይደርሳል የሚለው ጥንታዊ መርሕ በአውሮፕላን ዘመን ቦታ የለውም። ሁለተኛ፣ በረራው እጅግ ዝቅ ብሎና እየተደጋገመ የመሬቱን ጥቅም ካሳጣ ግን መንግሥት መሬቱን እንደ ወሰደ ይቆጠራል፤ ካሳም ይከፍላል።

በ1962 ደግሞ፣ ማለትም ቦሌ ጄቶቹን በተቀበለበት ዓመት፣ ያው ፍርድ ቤት በፒትስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ጉዳይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ካሳውን መክፈል ያለበት አየር መንገዱ ወይም ማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን አውሮፕላን ማረፊያውን የሠራውና የሚያስተዳድረው አካል ነው አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድልድይ የሚሠራ ሰው ወደ ድልድዩ የሚያስገባውን መሬት አብሮ መያዝ እንዳለበት ሁሉ፣ መንደርደሪያ የሚሠራም አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው የሚወርድበትን መንገድ አብሮ ሊያስብበት ይገባል።

ከዚህ በኋላ ጩኸት ዋጋ ወጣለት። ዋጋ የወጣለት ነገር ደግሞ በዕቅድ ውስጥ ይገባል። ዘግይቶ ሲገባ ግን ዋጋው ይከብዳል። በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ምዕራባዊ ጫፍ ከባሕሩ ዳር ሰርፍሪጅ የሚባል የባለጸጎች ሰፈር ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ 800 ያህል ቤቶች እየተገዙ ተነሡ፤ ዛሬ አሸዋማው ኮረብታ የአንዲት ብርቅዬ ሰማያዊ ቢራቢሮ መጠጊያ ነው። በተቃራኒው ካናዳ በ1969 ለሞንትሪያል ሚራቤል አውሮፕላን ማረፊያ ከ39 ሺህ ሄክታር የማያንስ መሬት ጩኸቱ ማንንም እንዳያውክ በሚል ከገበሬዎች ወሰደች። ማረፊያው በ1975 ቢከፈትም ከከተማው እጅግ በመራቁ ተጓዥ አጣ፤ አብዛኛው መሬት ተመለሰ፤ በ2004 የመንገደኛ በረራ ቆመ። ሁለቱ ታሪኮች ተደምረው የሚሉት አንድ ነው። ጩኸትን መርሳትም ከልክ በላይ መሬት መንጠቅም የዕቅድ ጉድለት ነው፤ ብልሃቱ ልኩን አስቀድሞ መለካት ነው።

መሬቱን የሸነሸነው ማን ነው?

ስለ ቦሌ ጩኸት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ «አውሮፕላን ማረፊያው ቀድሞ ነበረ፤ ሰዎቹ ናቸው የመጡት፤ ማን ኑሩ አላቸው?» የሚል ነው። መሬት በግል ይዞታ በሆነበት አገር ይህ ክርክር ክብደት አለው። በእኛ አገር ግን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1975 በአዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት ከተዛወረ ወዲህ «ማን ኑሩ አላቸው?» ለሚለው ጥያቄ የማያሻማ መልስ አለው። ያላቸው ከተማው ራሱ ነው። ቦታ ሸንሽኖ ለማኅበራት የመራው፣ ለሪል ስቴት አልሚዎች በሊዝ ያስተላለፈው፣ ኮንዶሚኒየም የገነባው መንግሥት ነው።

የመንደርደሪያዎቹን አቅጣጫ በካርታ ላይ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። 3,700 እና 3,800 ሜትር የሚረዝሙት ሁለት መንደርደሪያዎች ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ተዘርግተዋል። የአንደኛው ጫፍ መስመር በቦሌ ሚካኤል አቅራቢያ አልፎ ወደ ሳሪስ ይሄዳል፤ የሌላኛው ጫፍ ወደ ጎሮና ሰሚት ያመራል። በጎን ደግሞ ገርጂና ቡልቡላ አሉ። የመንግሥት የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በ2004 ሲጀመር የሙከራው ግንባታ የተካሄደው በገርጂ ነው። ከዚያ በኋላ በሰሚትና በቡልቡላም ተስፋፋ። የኮንዶሚኒየም ባለ ዕድል ደግሞ ሰፈሩን አይመርጥም፤ ዕጣው ይመርጥለታል። ዕጣ አውጥቶ ከአውሮፕላን መስመር አጠገብ ያስቀመጠውን ዜጋ «አንተ ነህ የመጣኸው» ማለት ፍትሕ አይሆንም።

ሕግ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 የአካባቢ ብክለትን ሲቆጣጠር የጩኸት ደረጃ የሕዝብ አሰፋፈርን ባገናዘበ መልኩ እንዲወሰን አዟል። በ2003 በተዘጋጀው መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ በቀጥታ የሚደመር መለኪያ አይደለም። በ10 ከፍ ሲል የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል፤ ለጆሯችንም በእጥፍ ያህል የጨመረ ይመስላል። በአሜሪካ የአውሮፕላን ጩኸት ሲሰላ አንድ የሌሊት በረራ እንደ 10 የቀን በረራ ይቆጠራል፤ የሰው እንቅልፍ ዋጋ አለውና። ይህ ስሌት ለቦሌ ለምን አስፈላጊ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የስኬቱ ምሥጢር አዲስ አበባን የአፍሪካና የሌላው ዓለም መገናኛ ማድረጉ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ አውሮፕላኖች በሌሊት ተከታትለው የሚነሡበትን፣ በማለዳም ተከታትለው የሚያርፉበትን ፕሮግራም ይጠይቃል። በ2003 አዲሱ ተርሚናል ተከፈተ፤ በ2019 ማስፋፊያው ሲመረቅ ማረፊያው በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ለማስተናገድ በቃ። ዕድገቱ የሁላችን ነው፤ የሌሊቱ ሸክም ግን የጥቂት ሰፈሮች ሆኗል።

የሙኒክ ሕፃናት

«የተለመደ ድምፅ ነው፤ ሰው ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። ጥናት ግን ሌላ ይላል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በሜይ 1992 አሮጌውን አውሮፕላን ማረፊያ ዘግታ ሌላ ስፍራ ላይ አዲስ ስትከፍት፣ ተመራማሪዎች በሁለቱም አካባቢ የሚኖሩ ተማሪዎችን ከመዛወሩ በፊትና በኋላ ፈተኑ። በአዲሱ ማረፊያ አካባቢ የሕፃናቱ የንባብ ችሎታና የረጅም ጊዜ ትውስታ ሲዳከም፣ በአሮጌው አካባቢ ግን ጩኸቱ ሲቆም ተሻሻለ። እንግዲህ ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ለትምህርት ቤት ቦታ የሚመራ ባለሥልጣን ሳያውቀው ስለ ተማሪዎች አእምሮ እየወሰነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለኤውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የአውሮፕላን ጩኸት ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን የመከረውም ከዚህ ዓይነቱ ማስረጃ በመነሣት ነው።

የአቡሴራ ጥያቄ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ቦሌ በሌሊት ይዘጋ የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ካለ አልስማማም። አየር መንገዱ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ፣ በትውልዶች ድካም የተገነባ ተቋም ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2001 ያጸደቀው ሚዛናዊ አካሄድ አራት መንገዶችን ያቀርባል። እነርሱም ጸጥ ያሉ አውሮፕላኖችን መጠቀም፣ በማረፊያው ዙሪያ ያለውን የመሬት አጠቃቀም ማቀድ፣ የአነሣስና የአስተራረፍ ስልትን ማሻሻል፣ በመጨረሻም በረራን መገደብ ናቸው። የመጀመሪያውን አየር መንገዳችን በሚገባ ጀምሮታል፤ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ቦይንግ 787 ከቀደሙት ጄቶች ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ግን ከአየር መንገዱ ይልቅ የከተማና የክልል አስተዳደሮችን ሥራ ይጠይቃል፤ የቀረውም እርሱ ነው።

አቡሴራ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ነው፤ አራት መንደርደሪያም ይኖሩታል። ሐረር ሜዳ የሚነሡ የጦር ጄቶችን ድምፅ የሚያውቀው የቢሾፍቱ ሕዝብ ጩኸት ምን እንደ ሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። በ2019 የወጣው የማስለቀቅና የካሳ አዋጅ መሬቱ ለሚወሰድበት አርሶ አደር የካሳ መንገድ አበጅቷል፤ ከአጥሩ ማዶ ቀርቶ ጩኸቱን ለሚሸከመው ግን ጩኸትን የካሳ ምክንያት አላደረገለትም። የኮስቢን ጥያቄ የሚያነሣ ገበሬ ነገ ቢመጣ ምን እንመልስለታለን?

ስለዚህ ሦስት ነገሮች አሁን፣ ሜዳው ሜዳ ሳለ፣ ሊሠሩ ይገባል። አንደኛ፣ አራቱም መንደርደሪያዎች ሥራ ላይ ቢውሉ ጩኸቱ የት የት እንደሚደርስ የሚያሳየው ካርታ ተዘጋጅቶ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ሁለተኛ፣ ካርታው በኦሮሚያ ክልልና በከተሞቹ መዋቅራዊ ፕላን ውስጥ የሚያስገድድ ሕግ ሆኖ ይግባ። ብርቱ ጩኸት በሚደርስበት ቀጠና መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ እርሻና የጭነት ማዕከል እንጂ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አይፈቀድ። ሦስተኛ፣ በዚያ ቀጠና ቀድሞ ለሚኖር ሰው ካሳ ወይም ድምፅ የሚከላከል መስኮትና ጣሪያ ከፕሮጀክቱ በጀት ይመደብለት። ከፕሮጀክቱ ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ይህ ጥቂት ነው፤ ከኻያ ዓመት በኋላ ሰፈር ለማንሣት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ኢምንት ነው።

በቦሌ ያለፈው በአብዛኛው አልፏል፤ የተሠራው ቤት አይፈርስም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። በአቡሴራ ግን ጅቡ ገና አልመጣም። የሚሸነሸነው መሬት ገና እርሻ ነው፤ የሚሸነሽነውም እጅ የታወቀ ነው። ይህ እጅ ሊጠየቅ የሚገባው ዛሬ ነው።